እቃ መግዛት ማቆም አቃተኝ፣ ይሄ ነገር ሱስ ነው ወይስ ምንድነው?

የሌሊት_ሺፍት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ፣ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ማወራው ሰው ስላጣሁ ነው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምኖረው፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ናይት ሺፍት እሰራለሁ፣ ባለትዳር ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉን። ችግሬ እቃ መግዛት ነው። ሲባል ቀላል እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ሴት ሆና ሾፒንግ የማትወድ ማን አለ ትሉኝ ይሆናል፣ ግን እኔ ምላችሁ እሱን አይደለም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አዛውንቶቹ ተኝተው ቻርት ጨርሼ ስቀመጥ ስልኬን አወጣለሁ። መጀመሪያ ዝም ብዬ ማየት ነው። ከዛ ቅርጫቱ ውስጥ መጨመር ይመጣል፣ ልቤ መምታት ይጀምራል፣ ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም፣ ካልገዛሁት የሆነ ነገር ለዘላለም የሚያመልጠኝ ይመስለኛል፣ ደግሞ አፑ ራሱ "ሁለት ብቻ ቀርቷል" እያለ ይቆጥርልኛል። ክፈል የሚለውን ስጫነው በቃ እፎይ እላለሁ። እፎይታው ግን የመጨረሻ ቢበዛ አስር ደቂቃ ነው፣ ከዛ ሆዴ ይገለባበጣል። እቃው ሲመጣ ካርቶኑን ለመክፈት እንኳን ፍላጎት የለኝም። ቁምሳጥን ውስጥ ዋጋው ያልተነሳለት ጫማ አለ፣ ሶስት ኤር ፍራየር አለ፣ የአንዱ ካርቶን አሁንም እንደታሸገ ነው።

ደግሞ እኔን የሚያታልለኝ ምን መሰላችሁ፣ ግማሹ ለራሴ አይደለም። ለእናቴ የደም ግፊት መለኪያ፣ ለእህቴ ልጆች ጫማ፣ ለአክስቴ ጋቢ የመሰለ ብርድልብስ፣ ለጎረቤት ሽቶ። አንድ ሰው አገር ቤት ሊሄድ ነው ከተባለ ሁለቱን 23 ኪሎ ሻንጣ ምሞላው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ "አንቺ እኮ እጅሽ ቸር ነው" ይለኛል። እናቴ በስልክ ስትመርቀኝ ምርቃቱ ራሱ ያቃጥለኛል፣ ምክንያቱም ሁሉም የተገዛው በክሬዲት ካርድ ነው። ባሌ የሚያውቀው ሁለት ካርድ ነው፣ ያሉኝ ግን ስድስት ናቸው። ስቴትመንቱን በኢሜል አድርጌዋለሁ፣ ፓኬጁን ስራ ቦታ ነው ማስመጣው። ባጠቃላይ ወደ 19 ሺ ዶላር ደርሷል። እሱ ቀኑን ሙሉ ኡበር እየነዳ የቤት ዳውን ፔይመንት እያጠራቀምን ነው ብሎ ያስባል።

እባካችሁ "ዝም ብለሽ አትግዢ" እንዳትሉኝ። አፑን አጥፍቼ መልሼ ጭኜዋለሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ጸልየውልኛል፣ ለተወሰነ ጊዜ ቀለል ብሎልኝ ነበር፣ የገና ሰሞን ሁሉም ነገር ተመለሰ። ለድብርት መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ባለፈው ዓመት ዶክተሬ ሌላ ኪኒን ጨምሮልኛል፣ ይያያዝ እንደሆነ ብዬ ነው ምነግራችሁ። ጥያቄዬ፣ ይሄ በሽታ ነው ወይስ የኔ አባካኝነት? ስም አለው? ከዚህ የወጣ ሰው ካለ እንዴት አድርጎ ነው? ለባሌስ እንዴት ልንገረው?


ዳኒ_ሸገር፦

እህቴ ይቅርታ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ዘይት መግዛት ያቃተው ሰው አለ፣ አንቺ ሶስት ኤር ፍራየር ገዝተሽ በሽታ ነው ወይ ትያለሽ። ብር ሲተርፍ የሚመጣ የዲያስፖራ በሽታ ነው። ስልክሽን አስቀምጪና ስራሽን ስሪ።


እመቤት_ዴንቨር፦

ዳኒ መጀመሪያ አንብብ። ብር ተርፏት ሳይሆን በብድር ነው ምትገዛው እኮ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ያሉት ወደው አይደለም። የሌሊት ሺፍት እህቴ አይዞሽ፣ እዚህ ቤት የሚያውቁ ሰዎች አሉ ይመልሱልሻል።


ሲስተር_ቪኤ፦

ሰላም እህቴ። እኔ ቨርጂኒያ የሳይካትሪ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ፣ ሐኪምሽ አይደለሁም፣ እንደ እህት ግን የማውቀውን ልንገርሽ።

ስም አለው ወይ ላልሽው አዎ አለው፣ አዲስም አይደለም። ክሬፕሊን የሚባለው የጀርመን ሳይካትሪስት ከ100 ዓመት በፊት የጻፈበት ነገር ነው። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ መለያ፣ አስራ አንደኛው እትም ማለት ነው፣ ከኢምፐልስ ኮንትሮል ችግሮች ስር፣ ድንገተኛ ፍላጎትን መቆጣጠር ያለመቻል ማለት ነው፣ በምሳሌነት ይጠቅሰዋል። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች በ2013 ያወጡት የአእምሮ ሕመም መለያ መጽሐፋቸው ላይ ግን ራሱን የቻለ በሽታ ብለው አላስገቡትም፣ ቁማርን ብቻ ነው ከሱስ ጋር የመደቡት። ስለዚህ አንዱ ዶክተር "እንዲህ የሚባል ምርመራ የለም" ቢልሽ ደንግጠሽ እንዳትወጪ፣ ስሙ ላይ ስላልተስማሙ ነው እንጂ ችግሩን የሚክድ የለም። አንቺ የጻፍሽው ደግሞ፣ መጀመሪያ ውጥረት ከዛ መግዛት ከዛ እፎይታ ከዛ ጸጸት ያልሽው፣ እኛ ጋ የሚመጣ ሰው ሁሉ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሚያወራው።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ የተጨመረልሽ ኪኒን ምንድነው? አሪፒፕራዞል ወይም በንግድ ስሙ አቢሊፋይ ከሆነ በደንብ ስሚኝ። ድብርት ላይ ዋናው መድኃኒት አልበቃ ሲል ብዙ ጊዜ የሚጨመረው እሱ ነው። በ2016 ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪው ማለት ነው፣ ይሄ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ መቆጣጠር የማይቻል የቁማር፣ የመብላት፣ የመግዛትና የወሲብ ፍላጎት ሊያመጣ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነገር አይደለም፣ የመጣባቸው ሰዎች ግን መጠኑ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ፍላጎቱ እንደተዋቸው እዛው ላይ ተጽፏል። ፓርኪንሰን ላለባቸውና እግራቸው ማታ ማታ እረፍት ለሚነሳቸው ሰዎች የሚሰጡት ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮልም እንደዛው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁጥብ የነበሩ ትልቅ ሰው ድንገት የሎተሪ ቲኬት በደርዘን መግዛት ሲጀምሩ ቤተሰቡ ጃጁ ይላል እንጂ ኪኒኑን ማንም አይጠረጥርም። ግን እህቴ ራስሽ እንዳታቆሚው! ለጻፈልሽ ሐኪም ደውዪ።

ሁለተኛ፣ የመግዛቱ ነገር በየጊዜው አንድ አይነት ነው ወይስ ወቅት አለው? ማለቴ ለቀናት ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝተሽ የማይደክምሽ፣ ወሬ የሚፈጥንብሽ፣ ቢዝነስ ልክፈት ምናምን የምትዪበት፣ ብሩም በዛን ሰሞን የሚጠፋበት ጊዜ አለ? ካለ ባይፖላር መሆን አለመሆኑን ማየት አለባቸው፣ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ደግሞ እንደዚህ አይነቱን ሰው ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ናይት ሺፍት ስለሆንሽ እንቅልፉን ከስራው ጋር አታምታቺው፣ ዋናው እየተኛሽ ነው ወይስ እንቅልፍ አላስፈልግ እያለሽ ነው የሚለው ነው።

ሁለቱም ካልሆነ የተሻለ ማስረጃ ያለው ቴራፒ ነው፣ ሲቢቲ የሚሉት፣ አስተሳሰብና ልማድን መቀየር ላይ የሚሰራው፣ በግሩፕም በግልም ይሰጣል። ኪኒን ተሞክሯል፣ ውጤቱ አንዱ ጋ ሰራ ሌላው ጋ አልሰራም ነው። ቴራፒው ላይ የሚያስጽፉሽ መቼ፣ የት፣ ምን ተሰምቶሽ እንደገዛሽ ነው፣ ምን እንደገዛሽ ብዙም አይደለም። አንቺ ሳታውቂው ግማሹን እዚህ ጽፈሽዋል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ብቻሽን፣ ድካም፣ ፀጥታ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ዕዳ የደበቀ ሰው አንዳንዴ መኖሩ ራሱ ይከብደዋል። እንደዛ አይነት ሐሳብ ከመጣብሽ 988 ደውዪ ወይ ቴክስት አድርጊ፣ ሃያ አራት ሰዓት ነው።


የሌሊት_ሺፍት፦

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥሽ። ጠርሙሱን አሁን አየሁት፣ ራሱ ነው፣ አሪፒፕራዞል ይላል። እንደደነገጥኩ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር መግዛቱ ከሱ በፊትም ነበረብኝ፣ አዲስ አበባ እያለሁ ደሞዝ ስቀበል ቀጥታ መርካቶ ነበርኩ፣ ባዶ ቦርሳ ይዤ ነበር ምመለሰው። ከኪኒኑ በኋላ ግን ባሰ፣ ከስድስቱ ካርዶች አራቱን ያወጣሁት ከዛ ወዲህ ነው። እንቅልፍ በተመለከተ ባገኝ ቀኑን ሙሉ እተኛ ነበር፣ እንቅልፍ አላስፈልግ ብሎኝ አያውቅም።


ሲስተር_ቪኤ፦

ስለዚህ ኪኒኑ ሁሉንም ነገር አመጣው ማለት አይቻልም፣ ቤንዚን ጨምሮበት ሊሆን ግን ይችላል። ሁለቱንም እንደዚሁ አድርገሽ ለሐኪምሽ ንገሪው፣ "በፊትም ነበረብኝ፣ ከዚህ ወዲህ ባሰብኝ" በይው። ድሮ ነበረብኝ ብለሽ ኪኒኑን ሳታነሺ እንዳትቀሪ፣ ሐኪሞች ይሄን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ካልተነገራቸው አይጠይቁም።


የአሌክሳንድሪያው፦

እህቴ እኔ ወንድ ነኝ፣ የኔ ጫማና ሽቶ አልነበረም፣ ኤሌክትሮኒክስና የመኪና እቃ ነበር። ጋራዡ ውስጥ መኪናዬ ላይ የማይገጥም ጎማ ነበረኝ፣ ለምን እንደገዛሁት እስካሁን ማስረዳት አልችልም። ሲስተር የጤናውን ነግራሻለች፣ እኔ ስለ ብሩ ላውራ ምክንያቱም ቴራፒ እየሄድሽ ወለዱ አይጠብቅሽም።

መጀመሪያ ቁጥሩን እዪው። 19 ሺ ዶላር በዓመት 24 ፐርሰንት ወለድ ቢሆን በወር 380 ዶላር ወለድ ብቻ ነው፣ ሚኒመም እየከፈልሽ ከሆነ ዋናው ዕዳ እምብዛም ንቅንቅ አይልም ማለት ነው። ብዙ ሰው እንደ መፍትሔ የሚያየው አንድ ትልቅ ብድር ወስዶ ካርዶቹን መዝጋት ነው፣ ለሌላ ሰው ይሰራ ይሆናል፣ ለእንደኛ አይነቱ ግን አደጋ ነው፣ ምክንያቱም ካርዶቹ ዜሮ ይሆናሉ፣ ዜሮ የሆነ ካርድ ደግሞ ለኛ ብር ነው፣ በዓመቱ ብድሩም አለ ካርዱም ሞልቷል። እኔ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። የሚሻለው ትርፍ የሌላቸው የክሬዲት ካውንስሊንግ ድርጅቶች ጋ መሄድ ነው፣ ናሽናል ፋውንዴሽን ፎር ክሬዲት ካውንስሊንግ የሚባለው ማኅበር ስር ያሉትን ፈልጊ። እነሱ ከባንኮቹ ጋር ተነጋግረው ወለዱን ያስቀንሱና በወር አንድ ክፍያ ያደርጉልሻል፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፣ በዛ ፕላን ውስጥ የገቡት ካርዶች ይዘጋሉ። ሰው ካርዱ ይዘጋል ሲባል ይፈራል፣ ለኔ ግን ከሁሉም የጠቀመኝ መዘጋቱ ነበር። "ዕዳሽን በግማሽ እናስምርልሻለን፣ መክፈል አቁሚ" እያሉ የሚደውሉትን ግን አትስሚያቸው፣ ክሬዲትሽ ይበላሻል፣ ባንኩ ሊከስሽ ይችላል፣ የተማረልሽ 600 ዶላርና ከዛ በላይ ከሆነ ደግሞ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ፎርም ሊመጣብሽ ይችላል። ስራ ሳይሰሩ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁ ከሆነማ ስልኩን ዝጊ።

ሌላው፣ ክሬዲትሽን ፍሪዝ አድርጊ፣ በስምሽ አዲስ ካርድ እንዳይከፈት ማስቆለፍ ማለት ነው። የሰውን የብድር ታሪክ የሚይዙት ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያን፣ ትራንስዩኒየን፣ ሦስቱም ጋ ነው፣ ከ2018 ጀምሮ በነጻ ነው። ሰው ይሄን የሚያደርገው ከሌባ ለመጠበቅ ነው፣ እኔ ከራሴ ለመጠበቅ ነው ያደረኩት። ሰባተኛ ካርድ ልክፈት ስትዪ መጀመሪያ ገብተሽ ፍሪዙን ማንሳት አለብሽ፣ እሱን እስክታደርጊ ሙቀቱ ይወርዳል። በፖስታ የሚመጣውን "ተፈቅዶልሻል" የሚለውን ደብዳቤ ለማስቆም ደግሞ 1-888-567-8688 አለ። ስልክሽ ላይ ሴቭ የተደረጉ ካርዶችን በሙሉ አጥፊ፣ አፑን ብቻ ማጥፋት የማይሰራው ለዚህ ነው፣ አፑ በአንድ ደቂቃ ይመለሳል፣ ካርዱ እዛው ተቀምጦ ነው የሚጠብቅሽ። 16ቱን ቁጥር ከቦርሳ አውጥቶ ማስገባት ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ብዙ ነው። "አሁን ውሰጂ በአራት ክፈዪ" የሚለውንም እንደ ካርድ ቁጠሪው፣ እሱን ከዕዳ የሚቆጥረው ሰው የለም።

አንድ ደግሞ የሀበሻ ዘዴ ልንገርሽ። ዕቁብ ገባሁ፣ ግን ለዳኛው የመጨረሻውን እጣ ስጠኝ አልኩት። ሁሉም ሳቀብኝ፣ ሰው የመጀመሪያውን ነው የሚለምነው። የመጀመሪያ እጣ ለኔ ብድር ነው እኮ፣ የመጨረሻው ግን ቁጠባ ነው። በየወሩ ባልከፍል ደግሞ የማፍረው ከማውቃቸው ሰዎች ፊት ነው፣ ባንክን ማን ያፍረዋል።


ቤዛ_ቦሌ፦

ዕቁቡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ እጣው የወጣ ቀን ብሩን እጄ ላይ አትስጡኝ ብሎ ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፣ እኔ አንድ ጊዜ ተቀብዬ ቤት ሳልደርስ ግማሹን ጨርሼዋለሁ።

ደግሞ ለዳኒ፣ የዲያስፖራ በሽታ ብቻ አይደለም ወንድሜ። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ነኝ፣ ደሞዜ የምታውቀው አይነት ደሞዝ ነው። እኔ ክሬዲት ካርድ የለኝም፣ ግን ቴሌግራም ላይ ያሉት ቡቲኮች አሉ፣ "ዋጋ በኢንቦክስ" ይላሉ፣ ትጠይቂያለሽ፣ አንዴ ከጠየቅሽ በቃ ሳትገዢ መተው ያሳፍርሻል፣ ሞተረኛው በሰዓት ውስጥ በር ላይ ነው፣ በስልክ ትከፍያለሽ፣ ብር ስትቆጥሪ እንኳን አታዪም። ደሞዝ ሲያልቅ በስልክ የሚሰጠው ትንሽ ብድር አለ፣ እሱ ሲያልቅ ደግሞ የሰፈር ሱቅ ዱቤ፣ እሱም ሲሞላ ከስራ ባልደረባ "እስከ ደሞዝ"። ልዩነቱ የኛ በሺ ብር መሆኑ ነው፣ ውርደቱ ግን እኩል ነው። ባለሱቁን ላለማግኘት በሌላ መንገድ ዞሬ ነበር ምገባው።

እኔ የሄድኩት አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ነው። ስሙን ስሰማ አንገቴን ደፍቼ ነበር የገባሁት፣ ውስጥ ግን ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ላይ ያለው ሰው ባንክ ሰራተኛ፣ ተማሪ፣ አስተማሪ ነው፣ ሁሉም እንደኔ ማንም እንዳያየው እየተሸፈነ። እዛ ካልሆነላችሁ ጳውሎስም ጥቁር አንበሳም የሳይካትሪ ክፍል አላቸው። እኔ ጋ ከስሩ የተገኘው ጭንቀት ነበር፣ እሱ ሲታከም መግዛቱ ቀነሰ፣ አልጠፋም። አሁንም ደሞዝ የወጣ ቀን ቴሌግራሜን እህቴ ናት የምትይዘው።


ዳኒ_ሸገር፦

እሺ የመድኃኒቱን ነገር አላውቅም ነበር። ግን ጸበሉንም አትርሱት፣ ሁሉንም ነገር ሳይካትሪ ሳይካትሪ ማለት ልክ አይደለም።


ሲስተር_ቪኤ፦

ማን ጸበል አትሂጂ አላት ዳኒ? ትሂድ፣ ኪኒኗን እየወሰደች ትሂድ። እኛ የምንፈራው ጸበል ገብቻለሁ ብሎ መድኃኒት በአንድ ቀን የሚጥለውን ሰው ነው።


የእሱ_ሚስት_ፍራንክፈርት፦

እኔ ከሌላው በኩል ልጻፍ፣ ሚስት ሆኜ ማለት ነው። የባሌ እቃ መግዛት አይደለም፣ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ጊፍት መስጠት ነው። ሁለት ላይቭ የያዙ ሰዎች ማን ብዙ ጊፍት እንደሚያገኝ ባትል ሲገጥሙ አምስት ደቂቃ ናት፣ የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ስሙን እየጠሩ "ወንድማችን አታሳፍረን፣ አንበሳ አንበሳ" ይሉታል። አንበሳ ማለት 29,999 ኮይን የሚያወጣ ጊፍት ነው፣ ኮይኑ ደግሞ አፑ ላይ በብር የሚገዛ ነው፣ ወደ 400 ዶላር ገደማ። እቤት ልጁ የክረምት ጃኬት ጠቦት እሱ ለማያውቀው ሰው አንበሳ ይልካል። ስጠይቀው ምን አለኝ፣ "እዛ ስገባ ሰው ነኝ፣ ስሜን ይጠሩታል፣ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ነኝ"። ተናድጄ ነበር፣ ግን ያቺ ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። አንቺም እናቴ ስትመርቀኝ ያልሽው እንደዛ ይመስለኛል፣ ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ።

ለባልሽ እንዴት ልንገረው ላልሽው፣ እባክሽ ሙሉውን በአንዴ ንገሪው። ባሌ መጀመሪያ 3 ሺ ዩሮ ነው አለኝ፣ አለቀስኩ፣ ይቅር አልኩት። ከሁለት ወር በኋላ 7 ሺ ሆነ። ከዛ ደግሞ ከወንድሙ የተበደረው ወጣ። ብሩን ሰርተን እንከፍለዋለን፣ እኔን የገደለኝ በየጊዜው አዲስ ቁጥር መስማቱ ነው፣ ከሦስተኛው በኋላ እውነቱን ሲነግረኝም አላመንኩትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ በግማሽ የደበቀም እንደዛው ነው።

ጀርመን ላላችሁ ሰዎች፣ ሹልድነርበራቱንግ የሚባል የዕዳ ምክር አገልግሎት አለ፣ የቤተክርስቲያን ድርጅቶቹ ካሪታስም ዲያኮኒም በነጻ ይሰጣሉ፣ ክርስቲያን ሁኑ አትሁኑ አይጠይቋችሁም። ወረፋው ረጅም ነው፣ ግን አበዳሪ አካውንት ሊያሳግድ እየደረሰ ከሆነ ባንካችሁን ፔ ኮንቶ፣ ከእግድ የተጠበቀ አካውንት ማለት ነው፣ አድርጉልኝ በሉት፣ ለመኖሪያ የሚሆነው መጠን አይነካም። ምንም ካልሆነ ፕሪቫትኢንሶልቬንስ፣ የግል ኪሳራ ማወጅ ማለት ነው፣ አለ፣ የቀረው ዕዳ እስኪሰረዝ ድሮ 6 ዓመት ነበር፣ በ2020 በወጣው ሕግ ወደ 3 ዓመት ወርዷል። እኛ እዛ አልደረስንም። እሱ አሁን ስልኩ ላይ ኮይን መግዛት ተዘግቷል፣ የይለፍ ቃሉ እኔ ጋ ነው፣ አንዳንዴ ይነጫነጫል። እውነት ለመናገር እኔም ፖሊስ መሆን ሰልችቶኛል።


የሌሊት_ሺፍት፦

የፍራንክፈርቷ እህቴ አልተሳሳትሽም፣ አንብቤው ስልኩን አስቀምጬ ቆየሁ። እኔ አሁን ለአገር ቤት አልልክም ብል እነሱ ጨከነች ነው የሚሉኝ፣ እሱን አልቻልኩትም። የአሌክሳንድሪያው ወንድሜ፣ አንተ ለሚስትህ እንዴት ነገርካት? ደግሞ ገንዘቡን ሁሉ ለሷ አስረከብክ? የኔ ባል ቁጡ አይደለም፣ ዝምተኛ ነው፣ ዝምታውን ነው ምፈራው።


የአሌክሳንድሪያው፦

በወረቀት ነው የነገርኳት። አፌ እንደማይችል ስለማውቅ ካርዶቹን በሙሉ፣ የያንዳንዱን ዕዳና ወለድ፣ ካውንስሊንግ የያዝኩበትን ቀን አንድ ገጽ ላይ ጽፌ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላት። የፍራንክፈርቷ እንዳለችው ሙሉውን። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፣ ከዛ መጥታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ሌላ አለ?" ብላ ነው፣ የለም አልኳት፣ እውነትም አልነበረም፣ እሱ ነው ያተረፈን። ባንቺ ባል ዝምታ ውስጥ ምን እንዳለ እኔ አላውቅም፣ የቤት ብር ነው ብሎ እያሰበ ያለውን ሰው ግን ዛሬ ሳይሆን ነገ ማለት በወር 380 ዶላር እየከፈልሽበት ነው።

ገንዘቡን ሁሉ አላስረከብኩም። በሳምንት ትንሽ ብር በዴቢት ካርድ አለኝ፣ ማንም አይጠይቀኝም፣ ጎማ ብገዛበትም የኔ ጉዳይ ነው። ሙሉ በሙሉ ከተነጠቅሽ ደግሞ መደበቅ ትጀምሪያለሽ፣ ሚስትየውም ከላይ እንደጻፈችው ፖሊስ ሆና ትቀራለች። ለዛም ነው ዴተርስ አኖኒመስ፣ ባለዕዳዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ቡድን፣ የምገባው፣ በ1976 ኒውዮርክ የተጀመረ ማኅበር ነው፣ ክፍያ የለውም፣ በስልክና በኢንተርኔትም ስብሰባ አላቸው፣ ዕዳ ብቻ ሳይሆን መግዛት ያስቸገረውም ይገባል። ስልኬን አንስቼ "ልገዛ ነው" ብዬ የምደውልለት ሰው አለኝ፣ ሚስቴን በዛ አላደክማትም። አማርኛ የሚናገር እዛ አላገኘሁም፣ ከኛ ሰው አንድ ሁለት ብንሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ለአገር ቤቱ፣ እኔ በወር የተወሰነ ብር ለእናቴ እልካለሁ፣ እቃ ግን አልልክም። እንዳመመኝ ለታላቅ እህቴ ብቻ ነገርኳት፣ ሌላውን እሷ ትጨርሰዋለች። መጀመሪያ አኩርፈዋል። ለፋሲካ ደውለው የጠየቁኝ ግን ስለ ጫማ አይደለም፣ መቼ ትመጣለህ ነው።


የሌሊት_ሺፍት፦

ለዶክተሬ ደውዬ ማክሰኞ ቀጠሮ ሰጡኝ። ወረቀቱን እየጻፍኩ ነው፣ አራተኛው ካርድ ላይ ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ ግን እየጻፍኩ ነው። ዛሬ ማታ ስራ አለኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምን ላርግ?


ሲስተር_ቪኤ፦

ስልኩን ሎከር ውስጥ ቆልፊው። ለባልሽ የወለሉን የነርሶች ስልክ ቁጥር ስጪው፣ ልጆቹ ቢያማቸው በሱ ይደውላል፣ "ምናልባት ቢፈልጉኝስ" የሚለውን ሰበብ ከወዲሁ ዝጊው። ብሬክሽን ከተቻለ ከሌላ ሰው ጋር አድርጊ፣ ብቻሽን አትቀመጪ። ፍላጎቱ መምጣቱ አይቀርም፣ ሲመጣ ሰዓት እዪ፣ ኪስሽ ውስጥ ባለ ወረቀት ስንት ሰዓት እንደመጣና ስንት ሰዓት እንደሄደ ጻፊ፣ ብዙ ጊዜ ካሰብሽው ባጠረ ጊዜ ነው የሚሄደው። ለማክሰኞ ደግሞ ኪኒኑ የተጀመረበትን ቀን ከፋርማሲው አውጪና ከካርዶቹ ስቴትመንት ጋር ጎን ለጎን ይዘሽ ሂጂ፣ ዶክተሩ በአይኑ ይየው።